የጎረቤት ዶሮ

ባለፈው ሰሞን የምኖርበት ኮንዶሚኒየም የሕንፃ ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ጠርቶን ነበር። አስቸኳይ ሲባል የውሃ ፓምፕ ወይም የጥበቃ ደመወዝ መስሎኝ ነው የወረድኩት። አጀንዳው ግን አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ዶሮ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንዲት እናት በረንዳቸው ላይ አራት ሴት ዶሮዎችና አንድ አውራ ይዘዋል። አውራው ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ይጀምርና እስኪነጋ አፉን አይዘጋም። የመጀመሪያው ተናጋሪ የሌሊት ተረኛ ሆኖ የሚሠራ ወጣት ነበር። «እኔ ልተኛ ስገባ እሱ ሥራ ይጀምራል። ወይ እሱ ወይ እኔ እንልቀቅ» አለ። ሁለተኛዋ ስለ ሽታው ተናገረች። ሦስተኛው ደግሞ ላባው ካሰጣው ሸሚዝ ላይ እያረፈ እንዳስቸገረው አመለከተ። ባለዶሮዋ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ሲያዳምጡ ቆዩና «እንቁላሉን ስልክላችሁ ግን ሸተተኝ ያለ ሰው አልነበረም» አሉ። ሳቅ ሆነ።

ይኼኔ አንድ ጡረተኛ መምህር እጃቸውን አወጡና «ለመሆኑ እትዬ፣ በቀን ስንት ያገኛሉ?» ብለው ጠየቁ። ስብሰባው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መልኩን ለወጠ። «ሦስት፣ አንዳንዴም አራት» ሲሉ ሰዉ ሁሉ ጆሮውን አቆመ። ምን ይበላሉ? መኖውን ከየት ይገዙታል? ኩሱን ምን ያደርጉታል? ሰጋቱራ ይሻላል ወይስ ጭድ? ስለ ሽታው የከሰሰችው ሴትዮ እንኳን «እኔ ባለፈው ዓመት ሦስት ገዝቼ ሦስቱም ሞቱብኝ፤ ምን አጥፍቼ ይሆን?» ብላ ምክር መጠየቅ ጀመረች። እንደ ችሎት የተጀመረው ስብሰባ እንደ ትምህርት ቤት ሆኖ ተበተነ። ውሳኔው ለሚቀጥለው እሑድ አደረ።

ወደ ቤቴ ስወጣ ደረጃው ላይ ሳስበው ነገሩ አላስገረመኝም። ዶሮ ከጥንትም ብቻውን አያውቅም። በሬ ብቻህን ልታረባ ትችላለህ፣ በግም እንደዚያው። ዶሮ ግን የጎረቤት ነገር ነው። ይህን ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ፣ እንዲያውም በጣም ወደ ኋላ መሄድ ሊኖርብኝ ነው፤ ታገሡኝ።

ዶሮ የአገራችን ተወላጅ አይደለም። ቆቅና ጅግራ የእኛው ናቸው፤ የዶሮ የዱር ዘመዶች ግን ዛሬም ድረስ የሚገኙት በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካዎች ውስጥ ነው። ምሁራን እንደሚሉት ቀዩ የጫካ ዶሮ ከሰው ጋር የተላመደው ሰው ሩዝ ማምረት ሲጀምር የወደቀውን እህል እየለቀመ ወደ መንደር በመጠጋቱ ነው። እንግዲህ ዶሮና ሰው የተዋወቁት እንደ ጎረቤት ነው ማለት ነው። አንዱ ከሌላው አውድማ ጥሬ እየለቀመ።

ወደ እኛ አገር መቼ ገባ ለሚለው ጥያቄ ጥሩ መልስ የተገኘው ከትግራይ ነው። ከአዲግራት ብዙም በማይርቀው መዝበር በሚባል ከአክሱም ዘመን በፊት የነበረ መንደር ላይ በተደረገ ቁፋሮ የዶሮ አጥንቶች ተገኝተዋል። ሔሊና ወልደኪሮስና ካትሪን ዳንድሪያ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2009 ዓ.ም. ይፋ ባደረጉት ጥናት መሠረት አጥንቶቹ ከ2,600 እስከ 2,800 ዓመት ገደማ ዕድሜ አላቸው። በአፍሪካ ምድር ከተገኙት የዶሮ ቅሪቶች ሁሉ በጣም ጥንታውያን ከሚባሉት መካከል ናቸው። አመጣጡ በቀይ ባሕር ማዶ ይሁን በአባይ ሸለቆ ሊያከራክር ይችላል። በግዕዝ ዶርሆ፣ በትግርኛ ደርሆ፣ በአማርኛ ዶሮ እያልን ስሙን ስንቀባበል የኖርነውን ያህል ግን ራሱን ዶሮውንም ከመንደር መንደር፣ ከግቢ ግቢ ስንቀባበለው ኖረናል። ነጋዴ አመጣው ብንል እንኳን መጀመሪያ ላይ አንዲት ሴት ከጎረቤቷ ጥቂት እንቁላል ጠይቃ ከቄቧ ሥር እንዳስታቀፈች አልጠራጠርም። ከዚህ ሌላ በምን መንገድ ይዛመታል?

የሐበሻ ዶሮ ነገረ ሥራዋ ሁሉ ጎረቤት የሚያስፈልገው ነው። በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች፤ እሱንም በሦስት በአራት ዙር ከፍላ። አንዱን ዙር እንደጨረሰች መታቀፍ ያምራታል። ባለቤቷ ጫጩት ፈልጋ ከሆነ ደህና፤ 21 ቀን ትታገሣለች። እንቁላል ፈልጋ ከሆነ ግን ዶሮዋን ማስተው አለባት። ማስተዊያው ዘዴ ብዙ ነው። አንዳንዱ ውሃ ይነክራታል፣ አንዳንዱ ቁልቁል አንጠልጥሎ ያቆያታል። የእናቶቻችን ዘዴ ግን ከሁሉም ይሻላል፤ ዶሮዋን ለሦስት ለአራት ቀን ጎረቤት ቤት ማሳደር። አዲስ ቆጥ፣ አዲስ ጎረቤት፣ አዲስ አውራ ስታይ የመታቀፍ አምሮቷ ይወጣላታል። የእኛ ቤት ዶሮ ስንት ጊዜ እንግድነት ሄዳ እንደመጣች ቆጥሬ አልጨርሰውም።

በተቃራኒው ደግሞ እንቁላል እያላት የምትታቀፍ ዶሮ ያጣች ሴት ትኖራለች። እሷም ወደ ጎረቤቷ ትመጣለች። «ያቺ ገብስማሽ ታቅፋለች አሉ፤ አሥር እንቁላል አለኝ፣ በእኩል እናድርገው» ትላለች። ዶሮዋ ካንዷ፣ እንቁላሉ ከሌላዋ፣ ጫጩቱ ለሁለት። ሲታቀፉ ደግሞ ምክሩ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። እንቁላሉን በሻማ እያየሽ ምረጪ፤ ያረጀውን ውሃ ላይ ጥለሽ ለዪው፤ ገሉ ሥር ጭድ አድርጊበት፤ ክረምት ነውና ነጎድጓዱ እንዳያበላሸው ብረት ጣል አድርጊበት። ከዚህ ውስጥ ግማሹ እውቀት ነው፣ ግማሹ እምነት ነው። ሁሉም ግን በአንድ ሲኒ ቡና ዙሪያ በነፃ ይታደላል።

እኔ ያደግሁበት ግቢ የአንድ መኳንንት ግቢ ነበር አሉ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲወጣ ቤቱ የቀበሌ ሆነና ሰባት አባወራ ገባበት። አንድ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ ቤት፣ አንድ ማዕድ ቤት ለሰባት። ከሰባቱ አምስቱ ዶሮ ነበራቸው። የአምስት ቤት ዶሮ ቀኑን ሙሉ ባንድ ግቢ ሲጭር ይውልና አመሻሽ ላይ እያንዳንዷ ሳትሳሳት ወደየቆጧ ትገባለች። ግራ እንዳያጋባ አንዷ ቀይ ጨርቅ፣ ሌላዋ ሰማያዊ ክር ክንፏ ወይም እግሯ ላይ ይታሰርላታል። ጠቡ የሚነሳው ዶሮዋ ቤቷን ስታውቅ እንቁላሏን የምትጥልበትን ቤት ግን የሳተች እንደሆነ ነው። ከሰው አልጋ ሥር ትጥላለች። እንቁላሉ የማን ነው? የዶሮዋ ባለቤት ወይስ የአልጋው? በዚህ የተነሳ ስንቱ ተኳርፏል! በልጅነታችን «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» የሚለውን ተረት የነገሩን ያለ ምክንያት አልነበረም። ከጎረቤት ቤት እንቁላል አንስቶ ለእናቱ የሰጠውና ኋላ ስቅላት የጠበቀው ልጅ ታሪክ እንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ የተወለደ መሆን አለበት።

በዓል ሲመጣ ደግሞ ሌላ መልክ ነበረው። ዶሮ የሚባርከው ወንድ ነው። ባሏ የሞተባት ወይም መንገድ የወጣባት ሴት ቢላዋዋንና ዶሮዋን ይዛ ግቢው በር ላይ ትቆምና ያለፈውን ወንድ ሁሉ «እስቲ ባርክልኝ ልጄ» ትላለች። እኔ የመጀመሪያዋን ዶሮ የባረክሁት በ13 ዓመቴ ነው፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ። ሙስሊም ጎረቤታችን ደግሞ የእኛን ስለማይበሉ እናቴ በበዓል ዋዜማ አንድ ዶሮ ከነሕይወቱ ትልክላቸው ነበር። በእነሱ በዓል ደግሞ የእኛ ድርሻ ከነላባው ይመጣል።

እስካሁን ያወራሁት ደስ የሚለውን ነው። አሁን ወደማይለው ልሂድ።

በ1979 ዓ.ም. ሰኔ ውስጥ፣ ዝናቡ እንደጀመረ፣ አንድ ጠዋት እናቴ ቆጡን ስትከፍት ሁለት ዶሮዎች ወድቀው አገኘች። ሦስተኛዋ አንገቷ ወደ ኋላ ተጠምዞ ክንፏን ጥላ ቆማለች፤ ኩሷ አረንጓዴ ነው። እናቴ ምን እንደሆነ ለማወቅ ሐኪም አላስፈለጋትም። ፈንግል ነው። በሳይንሱ ኒውካስል የሚባለው በሽታ ማለት ነው። በሰነድ ረገድ በእኛ አካባቢ መጀመሪያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1971 አስመራ ላይ ሲሆን ከዚያ ወዲህ አገሩን ሁሉ አዳርሶታል። ከገባ መድኃኒት የለውም። ፌጦውም፣ ነጭ ሽንኩርቱም፣ አረቄውም፣ ከፋርማሲ የሚገዛው እንክብልም አያድነውም። መከላከያው ቀድሞ መከተብ ብቻ ነው። ያኔ በእኛ ሰፈር ዶሮ ይከተባል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

እናቴ ግራና ቀኝ አየችና «ለማንም እንዳትናገር» አለችኝ። የሞቱትን በጆንያ ጠቅልላ ሲመሽ ወንዝ ወሰደቻቸው። ለምን? በመስከረም የሁለታችን የትምህርት ቤት ልብስ ሊገዛ የታሰበው ከዶሮዎቹ ነው። ፈንግል ገባ ከተባለ የእኛን ዶሮ የሚገዛ አይኖርም። በቅዳሜው ገና ያልታመሙትን ገበያ ወስዳ ሸጠች። ከመሸጧ በፊት ግን አንዷን ቄብ እዚያው ግቢ ውስጥ የምትኖር ጎረቤታችን ወደደቻት። ባሏ ወታደር ነበር፤ ግንባር ላይ ነው። እሷ የምትኖረው በ14 ዶሮዎች እንቁላል ነበር። የሳሙናዋ፣ የቡናዋ፣ የዕድሯ ገንዘብ ከዚያ ነው። «እንግዲህ ወደሽ ከሆነ ውሰጃት» አለች እናቴ። ዋጋም ቀነሰችላት።

በአሥር ቀን ውስጥ በግቢው አንድም ዶሮ አልቀረም። የአምስቱም ቤት ቆጥ ባዶ ሆነ። ግቢው ጠዋት ጠዋት ዝም ሲል ያስፈራ ነበር። ያቺ ጎረቤታችን ሁሉ ካለቀባት በኋላ ወደ እኛ ቤት መጣች፤ እናቴን ልታጽናና! «አንቺም እንደኔ ባዶ እጅሽን ቀረሽ፤ ምን ይደረግ፣ የፈጣሪ ቁጣ ነው» አለቻት። እናቴ ቀና ብላ አላየቻትም።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆና ሰነበተች። እንጀራ ስትጋግር ታቃጥላለች፤ ሌሊት ትገላበጣለች። በመጨረሻ አንድ ቀን ቡና ላይ፣ ጎረቤቶቹ ሁሉ ባሉበት፣ «የፈጣሪ ቁጣ አይደለም፤ እኔ ነኝ። አይቼ ነው የሸጥኩልሽ» አለች። ማንም ትንፍሽ አላለም። ጎረቤታችን ቶናውን ሳትጠጣ ሲኒዋን አስቀመጠችና ወጣች። ሁለቱ ሴቶች አንድ ዓመት ሙሉ ቡና አልተጠራሩም። በአንድ ቧንቧ እየቀዱ፣ በአንድ ማዕድ ቤት እየጋገሩ አንድ ዓመት አለመነጋገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በግቢ የኖረ ያውቀዋል።

በዓመቱ እናቴ ከሩቅ ዘመድ አንዲት ዶሮ አስመጣች። 11 እንቁላል አስታቅፋ 8 ጫጩት አወጣች። አንድም ሳታስቀር በቅርጫት አድርጋ ለዚያች ሴት ላከችላት፤ የላከችው እኔን ነው። ሴትዮዋ ቅርጫቱን ከፍታ ረጅም ጊዜ አየችው። አራቱን አወጣችና አራቱን እዚያው ትታ ቅርጫቱን መለሰችልኝ። «በእኩል ነው በላት» አለች። በማግስቱ ቡና ጠራችን።

ከዚያ ወዲህ በግቢያችን ያልተጻፈ ሕግ ወጣ። ክንፏን የጣለች ዶሮ ያየች ሴት ፊቷን ሳትታጠብ ወጥታ ለግቢው ትናገር። የተናገረችም ሴት አትወቀስ፤ እንዲያውም ሌላው ከበረታለት ዶሮ አንዳንድ እንቁላል ያዋጣላት። ይኼ ሕግ አስተማሪም፣ ካድሬም፣ የግብርና ባለሙያም ያወጣው አይደለም። በሐፍረትና በዕዳ የተገዛ ነው። ዛሬ ባለሙያዎች ሲጽፉ ፈንግልን ከቦታ ቦታ ከሚያዛምቱት ነገሮች ዋነኛው የታመመችን ወይም ልትታመም የደረሰችን ዶሮ ቶሎ ብሎ ገበያ መውሰድ ነው ይላሉ። በበዓል ሰሞን ደግሞ ይብሳል። እናቴ ይህን ሳታነብ ታውቀው ነበር። ማወቅ ብቻውን ግን አልበቃትም።

የፈረንጅ ዶሮ ታሪክም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። በ1940ዎቹ በአሜሪካ የፖይንት ፎር ዕርዳታ የተቋቋሙት የጅማ እርሻ ትምህርት ቤትና የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ነጭ ሌግሆርንንና ሮድ አይላንድ ሬድን የመሳሰሉ ዝርያዎችን አስገቡ። በኋላም የግብርና ሚኒስቴር በየቦታው ባቋቋማቸው ማዕከላት እያራባ ለገበሬው ሲያከፋፍል ኖረ። ሌግሆርን በዓመት ከ200 በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች ተባለ፤ ሰዉም ጉድ አለ። ነገር ግን አንድ ችግር ነበረባት፤ አትታቀፍም። እንቁላል እንድትጥል ብቻ ስትመረጥ ስትመረጥ እናትነቱን ረስታዋለች። እና ምን ተደረገ? የእኛ ሴቶች የፈረንጇን እንቁላል ከሐበሻዋ ሥር አስታቀፉታ! ነጭ ዶሮ ያላት ሴት ቀይ ዶሮ ካላት ጎረቤቷ ጋር እንደገና በእኩል ተዋዋለች። ትምህርት ቤት ያመጣውን ዝርያ መንደር ያዛመተው አንድም በዚህ መንገድ ነው።

እውቀት ብቻ ሳይሆን ፍርሃትም በጎረቤት በኩል ይዛመታል። የ1998ቱን የወፍ ጉንፋን ወሬ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በየካቲት መጀመሪያ በሽታው ናይጄሪያ ውስጥ መገኘቱ ተሰማ። ብዙም ሳይቆይ በጉራጌ ዞን ጉብሬ በሚገኝ የዶሮ ማዕከል በሺዎች የሚቆጠሩ ዶሮዎች አለቁ። ናሙናው ተመርምሮ የወፍ ጉንፋን አይደለም ተባለ። ግን ማን ሰማ? በሚያዝያ አጋማሽ ፋሲካ ሲደርስ ስንቱ ቤት የዶሮ ወጡን በበግ ወጥ ተካው። የዶሮና የእንቁላል ዋጋ ወደቀ፤ በብድር እርባታ የጀመሩ ሰዎች አለቀሱ። በእኛ ሰፈር አንዲት እናት ደህና የነበሩ ዶሮዎቻቸውን በጎረቤት ጉትጎታ አርደው ቀበሩ። ያን ጊዜ የቸገረው የተደበቀ ነገር መኖሩ አልነበረም፤ የተነገረውን የሚያምን ሰው መጥፋቱ ነው። አንዴ ከተደባበቁ ወዲህ እውነቱ ሲነገርም ሰሚ አያገኝም።

ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ኮንዶሚኒየሙ መጣ። ግቢው ወደ ላይ ተነሳና ፎቅ ሆነ። ለእርድና ለእንጀራ መጋገሪያ ተብሎ የጋራ ሕንፃ ቢሠራም ለቆጥ የታሰበ ቦታ አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም። እኔ ያደግሁበት ሰፈር ዛሬ የለም። ከፒያሳዋ ዶሮ ማነቂያ እንኳን በ2016 ዓ.ም. በመልሶ ማልማት ከፈረሰች ወዲህ የቀረን ስሟ ነው። ይኼ ሁሉ ሲሆን ታዲያ ዶሮው አልቀረም። የማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ በ2009 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት በአገሪቱ 60 ሚሊዮን የሚጠጋ ዶሮ ነበር፤ ከአሥሩ ዘጠኙ የሐበሻ። ከአራት ዓመት በኋላ የሐበሻው ድርሻ ወደ 79 በመቶ ገደማ ወርዶ ተገኘ። ሳሶ፣ ቦቫንስ፣ ኮይኮክ የሚባሉት ገብተዋላ። የአንድ ቀን ጫጩት ከድርጅት ተረክቦ ክትባቷን እየሰጠ 45 ቀን ሲሞላት የሚሸጥ ነጋዴ በየከተማው ተፈጠረ። በኅዳር 2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር ሲጀመር ደግሞ ከወተትና ከማር ጋር ዶሮውና እንቁላሉም የየቤቱ ጉዳይ እንዲሆን ጥሪ ቀረበ። የእንቁላል ዋጋ የደረሰበትን ስናይ በረንዳ ላይ ዶሮ መታየቱ አያስደንቅም።

እዚህ ላይ ግን የዚያን የሌሊት ተረኛ ወጣት ነገር አልዘነጋሁትም። እውነት አለው። የግቢ ናፍቆት ይዞን «ድሮ እንዲህ ነበርን» እያልን በሰው እንቅልፍ ላይ መፍረድ አይገባም። አራት ሜትር በረንዳ ግቢ አይደለም። ኩሱ ካልተጠረገ ዝንብ ይጠራል፤ ዶሮ የነካ እጅ ሳይታጠብ ምግብ ከነካ ያሳምማል። ፎቅ ላይ ያለው ሰው ዶሮ የታችኛው ሰው ጣሪያ ነው።

እሑድ ደረሰና እንደገና ተሰበሰብን። ጡረተኛው መምህር ተዘጋጅተው መጥተው ነበር። መጀመሪያ ያነሱት ስለ አውራው ነው። «እትዬ፣ እንቁላል ለማግኘት እኮ አውራ አያስፈልግም። ሴቷ ብቻዋን ትጥላለች፤ አውራ የሚያስፈልገው ጫጩት ለሚፈልግ ነው» አሉ። ባለዶሮዋ አላመኑም። «ያለ አውራ እንቁላል? እንዴት ተደርጎ!» አሉ። ግማሹ ቤት ከእሳቸው ጋር ነበር። ክርክሩ ረዘመ፤ በመጨረሻ አንዲት እርባታ ቤት የሠራች ልጅ «አሥር ሺህ ዶሮ ባለበት ቤት አንድም አውራ አላየሁም» ስትል ነገሩ አበቃ።

ቀጥሎ ክትባት ተነሳ። መምህሩ የጠየቁት እንዲህ ነበር። የፈንግል ክትባት በቢሾፍቱ በብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል፤ ዋጋውም ለአንድ ዶሮ ሲካፈል ከባድ አይደለም። ችግሩ ብልቃጡ ነው። አንዱ ብልቃጥ ለ50፣ ለ100፣ ከዚያም ለሚበልጥ ዶሮ ነው የሚመጣው። አንዴ ከተበጠበጠ ደግሞ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ለነገ አይቆይም። «ታዲያ አራት ዶሮ ያላት ሴት ምን ታድርገው? ለመሆኑ በዚህ ግቢ ባሉት ሕንፃዎች ስንት ዶሮ አለ?» ሲሉ ጠየቁ።

ዝም ዝም ሆነ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ ስለ ሽታው የከሰሰችው ሴትዮ ቀስ ብላ እጇን አወጣች። «ሁለት አለኝ፤ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ናቸው» አለች። ሳቁ ሳያባራ ሌላ እጅ ወጣ፤ አምስት። ከመሬት ቤት ሌላ፤ ሰባት፣ በደረጃው ሥር። ላባ ከሸሚዜ አረፈ ያለው ሰውዬም ከሚስቱ ጋር ተያይቶ «የእኛ እንኳን ለበዓል ነው» ብሎ ሦስት አስመዘገበ። ምን አለፋችሁ፣ ተቆጥሮ ሲያልቅ 38 ዶሮ ተገኘ። ስምንት ቤት አንዱ ከሌላው ተደብቆ ሲያረባ፣ የሞተችበትንም በላስቲክ ጠቅልሎ በማታ ሲጥል ከርሟል። እናቴ ትዝ አለችኝ። ያ ጆንያ ትዝ አለኝ።

እጄን አወጣሁና ከላይ የነገርኳችሁን ታሪክ ነገርኳቸው። ለማንም ነግሬው አላውቅም ነበር። ስጨርስ ባለዶሮዋ «እናትህ ጀግና ነች። ዶሮ የሸጠችቱ አይደለችም፤ ቡናው ላይ የተናገረችዋ» አሉ።

የተወሰነው ይኼ ነው። ዶሮው ከጋራው ሕንፃ ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ አንድ ላይ ይሆናል፤ ቆጡን ባለዶሮዎቹ አዋጥተው ያሠራሉ፤ ኩሱ በየቀኑ በተራ ይጠረጋል፤ አመድና ሰጋቱራ ይደረግበታል። አውራ አይገባም። አንድ ብልቃጥ ክትባት በጋራ ይገዛል፤ የተረፈው ለጎረቤት ሕንፃ ይሰጣል። የታመመች ዶሮ ያየ ሰው በዚያው ቀን ይናገራል፤ የተናገረም አይወቀስም። የመጨረሻዋን አንቀጽ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ የእናቴ ግቢ ሕግ ናትና።

የቀረው የአውራው ጉዳይ ነበር። ባለዶሮዋ ልጆቻቸው ውጭ አገር ናቸው፤ ቤታቸው ውስጥ ወንድ የለም። ለበዓሉ ዋዜማ ቢላዋቸውንና አውራውን ይዘው ደረጃው ላይ ቆሙና ከሥራ የገባውን ወጣት ጠበቁት። ያው የሌሊት ተረኛው ነው። ሲያያቸው ደነገጠ።

«እስቲ ባርክልኝ ልጄ» አሉት።

ልጁ አውራውን ተቀበላቸውና ትንሽ ቆም ብሎ አየው። «ሰዓት አክባሪ ነበር» አለ። በማግስቱ ከሦስተኛ ፎቅ በተሸፈነ ሳህን ወጥ መጀመሪያ የወረደው ወደ እሱ ቤት ነው።